የይፋት ጥንታዊ ከተማ ወዴት ነበረች?
ስለ ስም፣ ስለ ርቀትና ስለ ድንጋይ ምስክርነት

የአንዲት ከተማ ታሪክ ከስፍራዋ ይጀምራል። ማን ቈረቈራት፣ ማን ገዛት፣ በምን ምክንያትስ ጠፋች ተብሎ ከመጠየቁ በፊት «የት ነበረች?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይኖርበታል። ይህም ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ነዋሪዎቿ የተሰደዱባት፣ ቤቶቿ የፈረሱባት፣ ስሟም ወደ ሌላ ስፍራ የተሻገረባት ከተማ በመጻሕፍት ላይ እየኖረች ከምድር ገጽ ትጠፋለች።

ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ሁነኛ ምሳሌ ለማግኘት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ከባቲ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል እስከ አንኮበር ግርጌ የሚዘረጋው የምሥራቅ ተዳፋት በራሱ ትልቅ መዝገብ ነው። የመካከለኛው ዘመን የዓረብ ጸሐፊዎች «አውፋት» ወይም «ወፋት» እያሉ የጠሯት፣ በአገሩ አነጋገር ይፋት የምትባለው ከተማ በዚሁ ተዳፋት ላይ እንደነበረች የታሪክ ሰዎች ሲስማሙ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከመጻሕፍቱ ተነሥቶ «ይህች ናት» ብሎ በጣቱ ሊያመለክት የቻለ ተመራማሪ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነበረም። ክርክሩ እንዴት እንደ ተነሣና በምን ዓይነት ማስረጃ ወደ መቋጫው እንደ ቀረበ መመልከት ለታሪክ ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን መሬት ለሚቀይሰው፣ ካርታ ለሚነድፈውና መንገድ ለሚያወጣው ባለሙያም የሚጠቅም ትምህርት ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የኤፍራታ ምሳሌ

የጥንት ከተሞችን ስፍራ ስለ መወሰን የተደረገው ረጅሙ ክርክር የመጽሐፍ ቅዱስ ከተሞችን የሚመለከተው ነው። ከእነዚህም አንዷ ኤፍራታ ናት። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተተረከው የያዕቆብ ሚስት ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞታ ተቀበረች፤ ጸሐፊውም ኤፍራታ ማለት ቤተ ልሔም እንደ ሆነች ይገልጻል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የራሔልን መቃብር በብንያም ወሰን ያደርገዋል፤ ነቢዩ ኤርምያስም የራሔልን ልቅሶ ከራማ ጋር ያያይዘዋል። ራማ የምትባለው ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ስትሆን ቤተ ልሔም ግን በስተደቡብ ናት። እንግዲህ አንዱ መቃብር በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሊሆን ስለማይችል ሊቃውንቱ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በሰሜን በኩል ሌላ ኤፍራታ ነበረች፤ ቤተ ልሔም ናት የሚለውም ቃል በኋላ ዘመን የገባ ማብራሪያ ነው ይላል። ሌላው ወገን የቤተ ልሔምን ትውፊት ይደግፋል። ምእመናን ዛሬ የሚሳለሙት መቃብር በቤተ ልሔም መግቢያ የሚገኘው ሲሆን በ333 ከቦርዶ ተነሥቶ ቅድስት አገርን የጐበኘው ተሳላሚም በዚያው በኩል መኖሩን መዝግቧል። የትውፊቱ ርጅና ግን የክርክሩን መነሻ አላስወገደውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሐዋርያት አገር ቤተ ሳይዳ ናት። አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሮቢንሰን በ1838 ፍልስጥኤምን እየዞረ የጥንቱን ስም ከአገሬው አጠራር ጋር ሲያስተያይ ቤተ ሳይዳ ኤት ቴል በተባለው ጉብታ ላይ ናት አለ። ከእርሱ በኋላ ጎትሊብ ሹማኸር፣ ጉብታው ከገሊላ ባሕር የራቀ ስለሆነ ለዓሣ አጥማጆች መንደር አይስማማም በማለት በባሕሩ ዳር ያለውን ኤል አራጅን አመለከተ። ከ1987 ጀምሮ በኤት ቴል የተደረገው ቁፋሮ ከብረት ዘመን የነበረ ታላቅ የቅጥር ከተማ አወጣ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኤል አራጅ በተደረገው ቁፋሮ የሮማውያን ዘመን መኖሪያና የቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድንጋይ ይዞ ይሟገታል።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚወጣው ሕግ አንድ ነው። የጠፋች ከተማን ስፍራ የሚመሰክሩ ሦስት ምስክሮች አሉ፤ እነርሱም ስም፣ ርቀትና ድንጋይ ናቸው። አንዱ ለብቻው ሲመሰክር ያሳስታል፤ ሦስቱ ሲስማሙ ግን ፍርዱ ይጸናል።

፪. የሚሰደዱ ስሞች

ከሦስቱ ምስክሮች ፈጥኖ የሚገኘውም፣ ፈጥኖ የሚያሳስተውም ስም ነው። ስም እንደ ሰው ይሰደዳል። ከከሚሴ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ይህንን በአንድ ቀን ጉዞ ሊረዳው ይችላል። በስተቀኙ የአንጾኪያ አገር ይገኛል፤ አንጾኪያ ማለት በሐዋርያት ሥራ ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባት የሶርያ ከተማ ስም ነው። ጥቂት አለፍ ሲል ወደ አጣዬ ይደርሳል፤ አጣዬ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ወረዳው የራሔልን መቃብር ክርክር ያስነሣችውን የኤፍራታን ስም ይሸከማል። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደጋው መውጣት ሲጀምር ደግሞ ደብረ ሲና ይቀበለዋል። ሦስት የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል ማለት ነው።

አንጾኪያ የሚለው ስም ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ዓረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ጸሐፊ ስለ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ በጻፈው «ፍቱሕ አል ሐበሻ» ላይ በ1531 የኢማሙ ሠራዊት የአፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ያደረገበትን ስፍራ በዚሁ ስም ጠርቶታል፤ የታሪክ ሰዎችም ውጊያውን በተለምዶ ከዚህ አገር ጋር ያያይዙታል። ስለሆነም ስሙ ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት በዚህ ምድር ላይ ኖሯል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የሶርያዋ አንጾኪያ በወሎና በሸዋ መካከል ነበረች የሚል ሰው የለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ስፍራም ዮርዳኖስና ጎልጎታ አሉ፤ ሮሐ የሚለው የቀድሞ ስሟ ራሱ ዓረቦች የኤዴሳን ከተማ ከሚጠሩበት ስም ጋር አንድ ነው። በቅርቡ ዘመንም አዳማ ናዝሬት ተብላ ቈይታ እንደገና አዳማ ተብላለች።

ስም የሚሰደደው በሃይማኖት ፍቅር ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ስም ከገበያ ቀን ይወለዳል፤ ሸዋ ሮቢትና ጨፋ ሮቢት ረቡዕን፣ ሰንበቴ እሑድን ያስታውሳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከአንዲት ከተማ ተነሥቶ በአንድ አገር ሁሉ ላይ ይሰፋል። ይፋት ላይ የሆነው ይህ ሦስተኛው ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 ወደ አንኮበር ሲደርስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሸዋና የይፋት ንጉሥ ይባሉ ነበር፤ ይፋትም ያን ጊዜ የተዳፋቱ አገር ሁሉ መጠሪያ ነበረች። በሃያኛው ምእተ ዓመት ደግሞ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሲቋቋም ስሙ ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር የሚገኘውን የጅሌ ጥሙጋን አገር ጭምር ያጠቃልል ነበር። እንዲህ በሰፊ አገር ላይ የተዘረጋ ስም ከተማይቱን ከማመልከት ይልቅ ይሸሽጋታል። ይፋት የት ነው ቢባል መልሱ «ይህ ሁሉ ይፋት ነው» የሚል ይሆናልና።

፫. የጽሑፍ ምስክሮች

ስለ ከተማይቱ የተጻፈው ቃል ጥቂት ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በ1331 የሞተው የሶርያ ሐማ ገዥና የጂኦግራፊ ሊቅ አቡል ፊዳ ወፋትን ከሐበሻ ምድር ታላላቅ ከተሞች አንዷ አድርጎ ይቈጥራታል። በእርሱ አገላለጽ ከተማይቱ ከዘይላ በስተምዕራብ የሃያ ቀን መንገድ ርቃ ትገኛለች፤ ቤቶቿ የተበታተኑ ናቸው፤ የንጉሡ መኖሪያ በአንድ ኰረብታ፣ ምሽጉም በሌላ ኰረብታ ላይ ነው፤ ሸለቆና ትንሽ ወንዝ አላት፤ ሸንኰራ አገዳም ይበቅልባታል። ይህ መግለጫ አጭር ቢሆንም የተዳፋቱን አገር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በሸለቆ የተለያዩ ኰረብታዎች፣ በኰረብታዎቹ ጫፍ የሰፈሩ መንደሮች፣ በሥራቸው የሚወርዱ ወንዞች ከባቲ እስከ አልዩ አምባ ድረስ ዛሬም ይታያሉ።

ከአቡል ፊዳ ጥቂት ቈይቶ በ1349 የሞተው የግብፅ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ አል ዑመሪ በሐበሻ ምድር የነበሩትን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ሲዘረዝር አውፋትን በቅድሚያ ያነሣል። እንደ አል ዑመሪ አባባል አውፋት የዐሥራ አምስት ቀን መንገድ በሃያ ቀን መንገድ ስፋት ነበራት፤ ወደ ባሕሩ ዳርም ቅርብ ስለነበረች ዘይላ በግዛቷ ሥር ትገኝ ነበር። በግብፅና በሶርያ የሰባቱ መንግሥታት አገር ሁሉ «የዘይላ አገር» ተብሎ ይጠራ እንደነበረም ይገልጻል። ይህ ራሱ የወደብን ስም ለመላው አገር የመስጠት ልማድ ክርክሩን ያወሳሰበ አንድ ምክንያት ነው። ስለ ጫት ከተጻፉት ቀደምት ቃላት አንዱም በዚሁ በአል ዑመሪ መጽሐፍ ይገኛል።

ሦስተኛው ምስክር በ1442 የሞተው አል መቅሪዚ ነው። እርሱ በመካ ሳለ ከሐበሻ ምድር ሙስሊሞች የሰማውን መሠረት በማድረግ የወላስማዕን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጻፈ። ቤቱን የመሠረተው ዑመር ወላስማዕ ሲሆን ይህ መንግሥት በ1285 ቀደም ሲል የነበረውን የሸዋን ሱልጣኔት በኃይል ጠቀለለው። በ1332 አፄ ዓምደ ጽዮን በይፋቱ ሱልጣን በሰብረዲን ላይ ዘምተው ድል ካደረጉ በኋላ ወንድሙን ጀማለዲንን በቦታው ሾሙ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ወገን ለንጉሠ ነገሥቱ ሲገብር ሌላው አመፀ። በምእተ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ሱልጣን ሐቀዲን የአባቶቹን ከተማ ትቶ ወደ ሌላ ስፍራ አዲስ መቀመጫ ሠራ። ተከታዩ ሰዐደዲን በዘይላ ደሴት ላይ ተገደለ፤ ልጆቹም ወደ የመን ተሰደው ሲመለሱ ኃይላቸውን በምሥራቅ፣ በአዳል ምድር መሠረቱ። አሮጌዋ ከተማ በዚህ ሁኔታ ከሥልጣን መንበርነቷ ወረደች፤ ስሟ በአገሩ ላይ ሲቀር ስፍራዋ ተረሳ።

፬. የሃያ ቀን መንገድ

ስም ካልበቃ ርቀት ይረዳል ተብሎ ይታሰባል። አቡል ፊዳ የሃያ ቀን መንገድ ብሏልና ከዘይላ ተነሥቶ መቍጠር ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ምስክርም ቢሆን በጥንቃቄ መመርመር አለበት።

በካርታ ላይ ዘይላን ማዕከል አድርጎ ለሚለካ ሰው ባቲ ከዘይላ በቀጥታ መሥመር 375 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሸዋ ሮቢት አካባቢ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንኮበርም 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። መንገድ በቀጥታ መሥመር አይሄድም፤ ውኃ ወዳለበት ይጠመዘዛል፤ ተራራን ይዞራል። የግመል ቅፍለት በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ቢባል ሃያ ቀን ማለት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከባቲ ጀምሮ እስከ አንኮበር ያለው የተዳፋቱ ጠርዝ ሁሉ ከዘይላ ሃያ ቀን ገደማ ይርቃል። ስለዚህ የሃያ ቀኑ ቍጥር ከተማይቱ በደጋው አናት ወይም በበረሃው መካከል አለመሆኗን ያስረዳል እንጂ ከተዳፋቱ ኰረብታዎች የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ አይነግርም።

ሆኖም ርቀቱ አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ከተማይቱ ለምን በተዳፋቱ ላይ እንደ ተቈረቈረች ነው። ለዚህ የባቲ ገበያ ሕያው ማስረጃ ይሆናል። ሰኞ ሰኞ አፋሮች ግመላቸውን፣ ፍየላቸውንና ጨዋቸውን ይዘው ከቆላው ይወጣሉ፤ ኦሮሞዎች፣ አማሮችና አርጎቦችም እህላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ ከወይና ደጋውና ከደጋው ይወርዳሉ። ግመል ደጋውን አይወድም፤ በቅሎና አህያም በረሃውን አይችሉም። ሁለቱ የሚገናኙበት መሥመር ላይ ጭነት ይወርዳል፣ ዋጋ ይቈረጣል፣ አስተርጓሚ ይቆማል፣ ቀረጥ ይከፈላል። በ19ኛው ምእተ ዓመት አልዩ አምባ ከባሕር ዳርቻና ከሐረር ለሚመጡ ቅፍለቶች፣ ወደ አንኮበር ከመውጣታቸው በፊት፣ ይህንኑ አገልግሎት ትሰጥ ነበር። የወላስማዕ ሱልጣኖችም ከተማቸውን በዚህ መሥመር ላይ ያደረጉት ደጋውንና ባሕሩን በአንድ እጅ ለመያዝ ነበር። ይህንን መሥመር የያዘ ሁለቱንም ገበያ ይይዛልና።

፭. የድንጋዩ ቃል

ስምና ርቀት ወዳላደረሱበት ስፍራ ያደረሰው ድንጋይ ነው። በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ የአርጎባ ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ በቍጥቋጦ የተሸፈኑ የድንጋይ ፍርስራሾች መኖራቸውን የአካባቢው ሰዎች ምንጊዜም ያውቁ ነበር። እረኛው ከብቱን ያሰማራባቸዋል፤ ገበሬውም በእርከናቸው ላይ ማሽላ ይዘራባቸዋል። በመጻሕፍት የተነገሩት ከተሞች እነዚህ ይሆኑ እንደሆን ለማጣራት የተቀናጀ ጥናት የተጀመረው ግን በ2000ዎቹ ዓመታት ነው። ፍራንስዋ ግዛቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በ2006 ባወጡት የጥናት ውጤት አስባሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉትን ሦስት የፈረሱ የሙስሊም ከተሞች ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ።

ፍርስራሾቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ሁሉም በተዳፋቱ ወጣ ባሉ ኰረብታዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ቤቶቹ በጥሩ ሁኔታ ከተደረደረ ድንጋይ የታነጹና በእርከን ላይ የተሰለፉ ናቸው፤ አራት ማዕዘን መስጊድ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ሰፊ የመቃብር ስፍራ አላቸው። በኖራ የመስጊዱ ግድግዳና ሚሕራቡ እስከ ዘመናችን ድረስ ቆመው ተገኝተዋል። እነዚህ የአንድ ሰሞን ሰፈሮች ሳይሆኑ ግንበኛ፣ ነጋዴ፣ ቃዲና ገበሬ አብረው የኖሩባቸው እውነተኛ ከተሞች ነበሩ። የአቡል ፊዳ ቃል፣ ማለትም በየኰረብታው የተበታተኑ ቤቶች፣ ሸለቆና ወንዝ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ሆነ።

ይሁንና አንድ ጥያቄ ቀረ። በአንድ ተዳፋት ላይ ብዙ ተመሳሳይ ከተሞች ከተገኙ ዋናይቱ የትኛዋ ናት? ትልቅ መስጊድ ያላት ናት ማለት ይቻላል፤ ግን ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። መልሱ የመጣው ከመቃብር ነው። በሪ ይፋት በሚባለው ስፍራ የተገኙ የመቃብር ድንጋዮች በዓረብኛ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች ነበሯቸው፤ ሲነበቡም የወላስማዕን ቤት ስም ይዘው ተገኙ፤ ዘመናቸውም ወደ 14ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ይደርሳል። አል መቅሪዚ በመካ ተቀምጦ በጽሑፍ ያቈየው የነገሥታት ቤት በይፋት ኰረብታ ላይ በድንጋይ ተጽፎ ተነበበ። ተመራማሪዎቹ በ2017 ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ የይፋት ሱልጣኔት ዋና ከተማና የወላስማዕ ነገሥታት መካነ መቃብር በዚህ እንደነበረ ደምድመዋል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የስፍራው ስም ራሱ ይፋትን ይዞ ኖሯል። ሰፊው አገር ይፋት እየተባለ ሲጠራ ስሙን ያስገኘችው ከተማ በዚያው ስም በአንድ ጥግ ተሸሽጋ ነበር። ስለዚህ ስም ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ብቻውን ሲጠየቅ ግን አንደበቱ አልተፈታም። ርቀቱ አገሩን ለየ፤ ድንጋዩ ኰረብታውን ለየ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ እውነተኛ ምስክር ሆነ።

፮. ገና ያልተዘጋ መዝገብ

የይፋት ክርክር ወደ መቋጫው ቢቀርብም የተዳፋቱ ምሥጢር ሁሉ ተገለጠ ማለት አይደለም። ከይፋት በፊት የነበረው የሸዋ ሱልጣኔት ዋና ከተማ ወላላህ ይባል ነበር። ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ባሳተመው የዓረብኛ ዜና መዋዕል አማካይነት ስሙ ታወቀ፤ ስፍራው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ከወላላህ ይበልጥ የሚያጓጓው የገንደበሎ ጉዳይ ነው። የቬኒስ ሰው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት እየጠየቀ በመዘገባቸው የጉዞ መሥመሮች ላይ ገንደበሎ የግመል ቅፍለቶች ሸቀጣቸውን በመጋዘን የሚያራግፉባት፣ የቬኒስና የሀንጋሪ የወርቅ ገንዘብ የሚመነዘርባት ታላቅ የንግድ ከተማ ሆና ተገልጻለች። ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ እነዚህን የጉዞ መዝገቦች በ1958 ካሳተመ ወዲህ ገንደበሎን በካርታ ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ሙከራ ተደርጓል። «ፍቱሕ አል ሐበሻ» ም ሙስሊም ነጋዴዎች በክርስቲያኑ ንጉሥ ግዛት ሥር እየገበሩ የሚኖሩባት ከተማ መሆኗን ይመሰክራል። አንዳንዶች ወደ አልዩ አምባ አካባቢ፣ ሌሎች ከተገኙት ፍርስራሾች ወደ አንዱ ያስጠጓታል። እስካሁን የከተማይቱን ስም የያዘ ድንጋይ አልተገኘም።

ባቲን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ምክንያቱን ሊገምት ይችላል። ገበያ ሰው ሲሞላው ከተማ፣ ሰው ሲበተንበት ሜዳ ነው። ሰኞ በሺህ የሚቈጠር ሰው የተንቀሳቀሰበት ስፍራ ማክሰኞ ከአቧራና ከግመል ፋንድያ በቀር የሚያሳየው ጥቂት ነው። የሱልጣን መቃብር በድንጋይ ይጻፋል፤ የነጋዴ ውል ግን በቃልና በመተማመን ያልፋል። ስለሆነም የገበያ ከተማ ከመንግሥት ከተማ ይልቅ ለመጥፋት የቀረበች ናት። ገንደበሎን ለማግኘት የሚሻ ተመራማሪ ከግንብ ይልቅ የግመል መንገድ የሚያልቅበትንና የበቅሎ መንገድ የሚጀምርበትን ስፍራ፣ የውኃ ጉድጓዶችንና በአፈር ውስጥ የሚቀሩትን የባሕር ማዶ ሸክላ ስብርባሪዎች መከተል ሳይኖርበት አይቀርም።

፯. የክርክሩ ፋይዳ

የጥንት ከተማን ስፍራ መወሰን የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ በተፈጸመ ነበር። ነገር ግን ስፍራና ስም በዚህ ተዳፋት ላይ ከባድ ጉዳይ ናቸው። በ2021 በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከተማይቱም ተቃጥላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ታሪክ እንደ ርስት ውል እየተቈጠረ «ቀድሞ የነበረው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ይጐተታል። የይፋት ክርክር ያስተማረው ግን ሌላ ነው። የኤፍራታ ስም ከፍልስጥኤም፣ የአንጾኪያ ስም ከሶርያ መጥቶ በዚህ ምድር ላይ ሥር ሰድዷል። የወላስማዕ ቤት ከይፋት ተነሥቶ በአዳል ነግሧል። ስም ከተሰደደ፣ ነገሥታትም ከተሰደዱ፣ ሕዝብም በየዘመኑ ወጥቷል፤ ወርዷል፤ ተዋልዷል። ሳይነቃነቅ የቀረው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩም የሚናገረው ማን እንደኖረበት እንጂ ዛሬ ማን ብቻውን ይኑርበት የሚለውን አይደለም። የሱልጣኖቹን መቃብር የጠበቁት በአጠገባቸው ሲያርሱና ሲያሰማሩ የኖሩት ገበሬዎችና እረኞች ናቸው፤ የቅርሱ ባለአደራም የተዳፋቱ ሕዝብ በሙሉ ነው።

ድንጋዩ ግን ሁልጊዜ ሳይነቃነቅ ይኖራል ማለት አይቻልም። የተደረደረ ጥርብ ድንጋይ ለአዲስ ቤት፣ ለአጥርና ለእርከን ሥራ ምቹ ነው፤ ለመንገድ ጠጠርም ይፈለጋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ ለሚዘልቀው የባቡር መሥመር ከ2015 ጀምሮ የተካሄደው የግንባታ ሥራ በዚሁ ተዳፋት ግርጌ ብዙ አፈር ገልብጧል፤ የመስኖና የመንገድ ሥራም በየጊዜው ይሠራል። ልማቱ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከአንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተነበቡ ጥቂት መሥመሮች የስድስት መቶ ዓመት ጥያቄ ከመለሱ፣ አንድ የመቆፈሪያ መኪና በአንድ ከሰዓት በኋላ የገንደበሎን መልስ ለዘለዓለም ሊያጠፋ እንደሚችል ማስተዋል ይገባል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ እያለ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅና እስኪታይ ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው በሥራው ቦታ ላይ ያለው ባለሙያ ነው። ቀያሹ የአንድን ኰረብታ ስም ሲመዘግብ የሩቁን ወረዳ ስም ብቻ ሳይሆን እረኛው የሚጠራበትን ስም ጭምር ቢጠይቅ፣ መሐንዲሱ ድንጋይ ከሚያስነሣበት ክምር ላይ ጽሑፍ እንዳለበት ዞር ብሎ ቢመለከት፣ መምህሩም ልጆቹን በመንደራቸው ያለውን ፍርስራሽ ቢያስጐበኝ፣ የቀሩት የተዳፋቱ ከተሞች ስፍራቸው የሚታወቅበት ቀን ይቀርባል።

በሪ ይፋት የታወቀችው መጽሐፉን ያነበበው ሊቅ ድንጋዩን ወደሚያውቀው ገበሬ ሄዶ ስለ ጠየቀ ነው። ገንደበሎና ወላላህም በዚሁ መንገድ ካልሆነ በሌላ አይገኙም።